ጥግ ይዛ ጸጥ ያለችው ዓሣ፦ ጤነኛ ጎልድፊሽ እንዴት ትለያለች?

ጥያቄ፦ «60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ገዝቼ በዚያው ቀን ሦስት ጎልድፊሾች (ወርቅማ የቤት ዓሣዎች) አስገባሁበት። በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱም ተራ በተራ ሞቱብኝ፤ ውሃው ሲደፈርስ ሙሉውን እየቀየርኩ፣ ማጣሪያውንም በቧንቧ ውሃ በደንብ እያጠብኩ ነበር። እንደገና ልሞክር ብዬ ሻጭ ዘንድ ስሄድ ከሌሎቹ ተነጥላ ጥግ ላይ ጸጥ ብላ የተቀመጠች፣ ኦራንዳ ከሚባለው ዝርያ የሆነች ቀይና ነጭ ጎልድፊሽ አየሁ፤ ረጋ ማለቷን ወደድኩላት። ሌላ ደግሞ ጉንጩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት አለ፤ ሻጩ ‹ወንድ ስለሆነ ነው› አለኝ። ግቢዬ ውስጥ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ባዶ ኩሬም አለኝ። ጤነኛዋን በምን ልለይ? የትኛዋስ ለየትኛው ትሆናለች?»

ምላሽ፦

ጥግ ይዛ የተቀመጠችውን ኦራንዳ ይተዉአት። ሰው ረጋ ያለን ነገር ጨዋ ብሎ ይወዳል፤ ጎልድፊሽ ግን ጤነኛ ስትሆን ጨዋነት የሚባል ነገር አታውቅም። ሆዳም፣ ነገር ፈላጊና ዕረፍት የለሽ ናት። ቀኑን ሙሉ ወለሉን ስታስስ ትውላለች፤ ጠጠሩን አፏ ውስጥ ከትታ ታገላብጥና ትተፋዋለች። ሰው ሲጠጋ ምግብ መጣ ብላ ወደ መስታወቱ ትሮጣለች። ከመሰሎቿ ጋር መዋል ስለምትወድም ያለ ምክንያት ለብቻዋ አትቀመጥም። እርስዎ ያዩዋት ዓሣ ክንፏን ወደ ገላዋ ሰብስባ ወለሉ ላይ አርፋ ከነበረ፣ ሌሎቹ ሲራወጡም ቀና ካላለች፣ አንደበት ስለሌላት እንጂ ታምሜአለሁ እያለችዎት ነው።

ላለመበደል ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ጎልድፊሽም ታርፋለች። ሌሊት ወለሉ አጠገብ ጸጥ ትላለች፣ ቀለሟም ትንሽ ደብዘዝ ይላል። መብራቱ ገና አሁን በርቶ ከሆነ፣ ወይም ዓሣዎቹ በዚያው ጠዋት ከመንገድ የገቡ ከሆነ ለመፍረድ አይቸኩሉ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ይዩአት። ያኔም እዚያው ጥግ ካገኟት ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ስለ ነጠብጣቡ ግን ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ወንድ ጎልድፊሽ የመራቢያ ወቅቱ ሲደርስ በስንጥብ (በመተንፈሻ አካሉ) ክዳኖች ላይና በደረት ክንፎቹ የፊት ጠርዝ ላይ ጠንከር ያሉ ነጫጭ ጉብታዎች ያወጣል። ቦታቸውን የጠበቁ፣ መጠናቸውም ተቀራራቢ ነው፤ ጉንጩን በመርፌ ጫፍ ነጥብ ነጥብ ያደረጉበት ይመስላል። ወቅቱ ሲያልፍ ይጠፋሉ። ይህን ሳያውቁ ጤነኛ ወንድ ዓሣ በመድኃኒት የሚያሰቃዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ከዚህ ይለያል። እሱ ጨው የተበተነባት ያስመስላታል፤ ቦታ አይመርጥም፤ ጀርባዋ ላይም፣ ጅራቷ ላይም፣ ዓይኗ አጠገብም ይወጣል፤ የያዛት ዓሣም ገላዋን ከጠጠርና ከግድግዳ ጋር ታፋትጋለች። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ ቆዳዋ ሥር ገብቶ ስለሚቀመጥ በዚያ ደረጃ መድኃኒት አይደርስበትም። የሚሞተው አድጎ ከወረደና ከተባዛ በኋላ ልጆቹ አዲስ ዓሣ ፍለጋ ውሃው ውስጥ ሲዋኙ ነው። ይህ ዑደት 25 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከወር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አንዷ ዓሣ ላይ ካዩት ገንዳው በሙሉ ይዞታል ብለው ይውሰዱት። «ያቺን ትቼ ንጹሕ የምትመስለውን ልውሰድ» ማለት አያዋጣም።

አሁን ወደ ሞቱት ሦስት ዓሣዎች ልመለስ፤ ያንን ሳንፈታ ስለ አዲስ ዓሣ ብናወራ ዋጋ የለውም። ከገለጹልኝ ሁኔታ ስነሳ፣ ዓሣዎቹ ሲገዙ ጤነኛ እንደነበሩ እገምታለሁ። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይባላል፤ የቤት ዓሣ ግን ሕመሟ የሚጀምረው ከውሃዋ ነው። ጎልድፊሽ ከስንጥቧ ያለማቋረጥ አሞኒያ የተባለ መርዛማ ቆሻሻ ታስወጣለች። በቆየ ገንዳ ውስጥ ማጣሪያው ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ኒትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ኒትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ኒትሬት ይቀይሩታል። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም፤ በቂ ሆነው እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። እስከዚያው አሞኒያው ስንጥቧን ያቃጥላል። ኒትራይቱ ደግሞ ደሟን ቡናማ አድርጎ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግደዋል። እርስዎ ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ ባጠቡ ቁጥር፣ ክሎሪኑ ገና መስፈር የጀመሩትን ባክቴሪያዎች ሲገድል ነበር። የጽዳት ፍቅርዎ ነው የጎዳዎት። ማጣሪያ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው፤ ያውም ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ እንጂ እስኪነጣ ድረስ አይደለም።

ይህን ያነሳሁት የዓሣ ምርጫም ከውሃ ስለሚጀምር ነው። ጎልድፊሽ ለማመን የሚያስቸግር ጽናት አላት። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን ሲጠፋባት፣ ሰውነቷ ያመረተውን ላክቲክ አሲድ ወደ አልኮል ቀይራ በስንጥቧ እያስወጣች ለሰዓታት፣ ቅዝቃዜው ሲበረታም ለቀናት መቆየት ትችላለች። ሌላ ዓሣ በአንድ ሌሊት የሚያልቅበትን ችግር እሷ ሁለት ሳምንት ትገፋዋለች። ገዢን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ ቆማ ስለዋኘች ደህና ነች ማለት አይደለም። ስለዚህ ዓይንዎ አንዷ ዓሣ ላይ ከማረፉ በፊት ያለችበትን ገንዳ ይዩ። እኔ መጀመሪያ ገንዳ ነው የምመርጠው፤ ዓሣዋ ቀጥላ ትመጣለች።

ገንዳ ሲመርጡ የሞተች ዓሣ ካዩ፣ አንዲትም ብትሆን፣ ከዚያ ገንዳ አይግዙ። ሁሉም ዓሣዎች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር የሚምጉ ከሆነ ውሃው ኦክስጅን አጥሮታል ወይም ስንጥባቸው ተጎድቷል። ውሃው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ካለው መድኃኒት ተጨምሮበታል ማለት ነውና ለምን እንደተጨመረ ይጠይቁ። አልጌ አረንጓዴ ያደረገው ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኩሬ ውስጥ ያደጉ ዓሣዎች በአረንጓዴ ውሃ ውስጥ ይፋፋሉ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ይህ ነው፦ ብዙ ሻጮች ዘንድ ተደርድረው የሚታዩት ገንዳዎች በአንድ ማጣሪያ የተያያዙ፣ አንድ ውሃ የሚዘዋወርባቸው ናቸው። ያኔ የጎረቤት ገንዳ በሽታ የእርስዎም ገንዳ በሽታ ነው። ባይያያዙም እንኳ አንዱ መረብ ከገንዳ ገንዳ እየዞረ ከሆነ ልዩነት የለውም።

ገንዳው ካለፈ በኋላ ወንበር ካለ ይቀመጡ፤ ከሌለም ቆመው ሩብ ሰዓት ይመልከቱ። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። እኔ ግን ካየኋቸው መጥፎ ግዢዎች የሚበዙት ከሁለት ደቂቃ በታች የወሰዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ነገር አካሄዷ ነው። ጤነኛዋ ቀጥ ብላ፣ ሳታዘነብል ትዋኛለች፤ ስትቆምም ባለችበት ከፍታ ትቆማለች እንጂ ወደ ላይ አትንሳፈፍም፣ እንደ ድንጋይም አትሰምጥም። የጀርባ ክንፏ የተዘረጋ ነው። አልፎ አልፎ ዘንበል ብታደርገው ችግር የለውም፤ ሁልጊዜ ከታጠፈ ግን መጥፎ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ ገላዋን ከጠጠር ጋር ብታሻሽ እከክ እንደሚበላው ሰው ይቁጠሯት። በሩብ ሰዓት ውስጥ አራት አምስቴ ካደረገችው ቆዳዋ ወይም ስንጥቧ ላይ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ትል እንዳለ ይጠርጥሩ። ሁለቱም የስንጥብ ክዳኖች እኩል መከፈትና መዘጋት አለባቸው፤ አንዱን ዘግታ በሌላው ብቻ የምትተነፍስ ዓሣ ብዙ ጊዜ የስንጥብ ትል ይዟታል።

ቀጥሎ ሻጩን «እስኪ ትንሽ ምግብ ጣልላቸው» ይበሉት። ይህን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመዎት፣ ዓሣዎቹ አሁን በልተው ካልሆነ በስተቀር፣ ምክንያቱን ይጠይቁ። ጤነኛዋ ተሽቀዳድማ ትመጣለች፣ ትውጣለች። ጠንካራ እንክብል ተፍታ መልሳ ብትወስድ አይደንግጡ፤ ጥርሷ ያለው ጉሮሮዋ ላይ ስለሆነ እያለሰለሰች ነው። ወስዳ ተፍታ ትታው የምትሄድ ግን የመብላት ፍላጎት አላት፣ አቅሙ የላትም። ምግቡን ከበሉ በኋላ ዞር አይበሉ፤ እንደ ኦራንዳ ያሉ ድቡልቡል ዝርያዎችን ሲገዙ የሚጠቅመው ከምግቡ ቀጥሎ ያለው አሥር ደቂቃ ነው። ከዋኚዎቹ የአንዷ ጅራት ቀስ በቀስ ወደ ላይ ቢነሳ፣ ወይም ጎኗ ቢያዘነብል፣ የመንሳፈፊያ የአየር ከረጢቷ ችግር አለበት። እነዚህ ዝርያዎች አጭርና ክብ እንዲሆኑ ተደርገው የተዳቀሉ ስለሆነ የውስጥ አካላቸው የተጨናነቀ ነው። ከተቻለ በጣም ኳስ የመሰለችውን ትተው መጠነኛዋን ይውሰዱ። እዚህ ላይ ከብዙ አርቢዎች ጋር አልስማማም፤ ለውድድር የሚፈለገው ክብነት ለዓሣዋ ዕድሜ አይመችም ብዬ አምናለሁ።

የቀረው የገላዋ ምርመራ ነው፤ እሱንም ከጎን ብቻ አይዩት። ጎልድፊሽ ከሺህ ዓመት በፊት ቻይና ውስጥ ከግራጫ አረንጓዴ ዓሣ የወጣች ናት፤ ለዘመናት ያደገችውም በኩሬና በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ነው። ሰው የሚያያት ከላይ ስለነበር ብዙዎቹ መልኮቿ የተመረጡት ከላይ ታይተው ነው። ለሐኪምም ይህ አቅጣጫ ይናገራል። ገዢው ከመስታወቱ ፊት ቆሞ የማያየው ሦስት ነገር ከላይ ይታያል። አንደኛ፣ ጭንቅላቷ ሰፍቶ ጀርባዋ እንደ ቢላ ስለት ከቀጠነ ለረጅም ጊዜ አልበላችም፤ ወይም ውስጧን የሚበላ ሥር የሰደደ በሽታ አለ። ሁለተኛ፣ አንድ ጎኗ ብቻ ካበጠ እንቁላል አይደለም፤ እንቁላል ቢሆን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጎን ተቀራራቢ አድርጎ ይሞላ ነበር። የኩላሊት ችግር ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ቅርፊቶቿ ከገላዋ ተላቀው እንደ ጥድ ፍሬ ከቆሙ ሰውነቷ ውሃ ቋጥሯል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰች ዓሣ የምትድነው ከስንት አንዴ ነው። ብቻ ፐርልስኬል የተባለችው ዝርያ እንዳታሳስትዎት፤ የእሷ ቅርፊት እያንዳንዱ በተፈጥሮው መሐሉ እንደ ዕንቁ ጎበጥ ያለ ነው፤ ጠርዙ ግን ከገላዋ አልተላቀቀም።

ከጎን ሲያዩ ክንፎቹን ይመርምሩ። የተቀደደ ክንፍ ብቻውን ሰው አያስፈራ፤ ጠርዙ ጥርት ያለ ከሆነ መረብ ወይም ጓደኛዋ የቀደደው ነው፣ ይድናል። ጠርዙ የደፈረሰ ወተት መስሎ ወይም ቀልቶ እየተበላ ከሄደ ግን የክንፍ መበስበስ ነው። ነጭ ጅራት ላይ እንደ ክር የተዘረጉ ቀያይ ደም ሥሮች ደምቀው ከታዩ ውሃዋ ሲያሠቃያት ሰንብቷል። ክንፎቹ ሥር ክር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ካዩ መልሕቅ ትል ይባላል፤ ጭንቅላቱን ሥጋዋ ውስጥ ቀብሮ ጭራው ነው የሚታየው። ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቅርፊት ላይ የተለጠፈ ነገር ደግሞ የዓሣ ቅማል ነው። ሁለቱም ከኩሬ በመጡ ዓሣዎች ላይ ይበዛሉ። ገላዋ ላይ መስታወት ላይ እንደተነፈሱበት ዓይነት ግራጫ ጉም ካለ ቆዳዋ ራሷን ለመከላከል ዝልግልግ ፈሳሽ አብዝታለች ማለት ነው። ከሠገራዋ ደግሞ የምግቡን ቀለም የያዘ ደህና ነው፤ ረጅም፣ ባዶ፣ ነጭ ክር የሚጎትት ምናልባት አልበላችም ወይም አንጀቷ ታሟል።

ጥቁር እድፍ የመሰለ ነገር ብርቱካናማ ዓሣ ላይ ካዩ ሁለት ትርጉም አለው። ብዙ ጊዜ የዳነ ቁስል ነው፤ አሞኒያ ያቃጠላት ቆዳ ሲያገግም ይጠቁራል። ወይም የልጅነት ቀለሟ ገና እየለቀቀ ነው፤ ጎልድፊሾች ሲፈለፈሉ ቡናማ አረንጓዴ ናቸው፣ ቀለማቸውም ይበልጡን በመጀመሪያው ዓመት ይቀየራል። ብላክ ሙር የምትባለው ጥቁር ዝርያ እንኳ ስታድግ ወደ ነሐስ ወይም ወደ ብርቱካናማ ልትለወጥ ትችላለች። «ቀዩ ጀርባዋ ላይ እንዲህ ስለሆነ» ብለው የመረጧት ዓሣ በዓመቱ ሌላ መልክ ልትይዝ ስለምትችል፣ ቀለም የመጨረሻው መመዘኛ ይሁን።

የተለየ መልክ ያላቸው ዝርያዎች የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ኦራንዳ አናቷ ላይ እንደ አክሊል የሚያድግ ሥጋ አላት፤ እሱ ዓይኗን ወይም አፍንጫዋን መሸፈን የለበትም። ሥጋው ሲያድግ ነጣ ያሉ ነጥቦች ሊያወጣ ይችላል፤ ጥጥ የመሰለ ጸጉራም ነገር ካለበት ግን ሻጋታ ነው። ራንቹና ላየንሄድ የጀርባ ክንፍ የላቸውም፤ ጉድለት መስሎዎት አይተዉአቸው። ጀርባቸው ላይ እሾህ ወይም ጉብታ ካለ ግን አፈጣጠሩ አልተስተካከለም። ዓይነ ጎላዎቹ ላይ ሁለቱ ዓይኖች እኩል ይሁኑ፤ ጎላ ማለት የዝርያዋ ባሕርይ ያልሆነ ዓሣ ዓይኗ ካበጠ ግን ሕመም ነው። ባብል አይ የምትባለውን፣ ዓይኗ ሥር በፈሳሽ የተሞላ ከረጢት ያላትን፣ ለጀማሪ አልመክርም፤ ከረጢቱ በማጣሪያው አፍ እንኳ ይፈነዳል።

አሁን የትኛዋ ለየትኛው ወደሚለው ጥያቄዎ። ኩሬዎ ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ ወደ 2,100 ሊትር ይይዛል። ይህ ጥሩ ቤት ነው፤ ከ60 ሊትሩ ጋር አይወዳደርም። ለኩሬ የሚሆኑት ረጃጅም ገላና ነጠላ ጅራት ያላቸው ናቸው፦ ተራዋ ጎልድፊሽ፣ ኮሜት እና ዝንጉርጉሯ ሹቡንኪን። ፈጣኖች ናቸው፣ ቅዝቃዜም ሙቀትም ይችላሉ፣ ሲያድጉ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርሱ ይችላሉ። ትናንሾቹ ሱቅ ውስጥ ሲታዩ ለማሰሮ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ያ ማታለያ ነው። አምስት ወይም ስድስት ዓሣ ለእርስዎ ኩሬ ይበቃል፤ ቢዋለዱ ቁጥሩ በራሱ ይጨምራል። ኩሬ ውስጥ የሚያዩአቸው ከላይ ስለሆነ ሹቡንኪኖችንም ጀርባቸውን አይተው ይምረጡ፤ ሰማያዊው ከጎን አምሮ ከላይ የማይታይበት ዓሣ አለ።

ኦራንዳን፣ ራንቹንና ዓይነ ጎላዎቹን ከእነዚህ ጋር ኩሬ ውስጥ አይጨምሩ። ዝግተኞች ናቸው፤ ምግቡ ሳይደርሳቸው ያልቃል፣ አዳኝ ወፍም መጀመሪያ የምታነሳው እነሱን ነው። ኦራንዳ መያዝ ከልብዎ ከሆነ ለሁለት ዓሣ ከ120 እስከ 150 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ያስቡ። ክብ የመስታወት ማሰሮ ስለሚባለው ነገር ብዙ አልልም፤ የውሃው መጠን ትንሽ፣ አየር የሚገባበት ገጽም ጠባብ ነው።

60 ሊትሩን ግን እንዳይጥሉት፤ ከሁሉም የሚጠቅምዎት እሱ ሊሆን ይችላል። ለይቶ ማቆያ ያድርጉት። አዲስ ዓሣ በቀጥታ ኩሬ የሚያስገባ ሰው ዕድሉን እየሞከረ ነው። እኔም በሙያዬ መጀመሪያ ላይ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። እንከን የማይወጣላት ራንቹ ገዝቼ በዚያው ምሽት ከነባሮቹ ጋር አደባለቅኳት፤ በሦስተኛው ሳምንት ነባሮቹ መሞት ጀመሩ። እሷ እስከ መጨረሻው ምንም አልሆነችም። የጎልድፊሽ ኸርፐስ ቫይረስ የሚባል አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ የታወቀ ሲሆን ደም የሚሠራውን የሰውነታቸውን ክፍል ያጠፋል፤ መድኃኒት የለውም። ከበሽታው የተረፈች ዓሣ ምልክት ሳታሳይ ተሸክማው ልትኖር ትችላለች። በዓይን የሚደረግ ምርጫ እንዲህ ያለውን ነገር አይደርስበትም። ለዚህ ነው ምርጫው ሱቅ ውስጥ የማያልቀው።

ስለዚህ ገንዳውን ዓሣ ሳይገዙ ያዘጋጁ። ማጣሪያውን ያስነሱ፤ ንጹሕ አሞኒያ በትንሹ ጠብ እያደረጉ ወይም ትንሽ የዓሣ ምግብ እየጣሉ በየሁለት ቀኑ ውሃውን በመመርመሪያ ይለኩ። አሞኒያና ኒትራይት ተነስተው ሁለቱም ወደ ዜሮ ሲመለሱ፣ ኒትሬትም ሲታይ ባክቴሪያዎቹ ሰፍረዋል ማለት ነው። ዓሣ የሚገዙት ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሁለት ዓሣ፣ እያንዳንዷ ገላዋ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነች፣ ይውሰዱ። ከዚያ ያነሱት ገና ስስ ናቸው፤ በጣም ትላልቆቹን ደግሞ ቦታ ሲቀይሩ ጭንቀት ይጎዳቸዋል፣ ዕድሜያቸውንም አያውቁትም። ሻጩን መቼ እንደገቡ ይጠይቁት። ትናንት ከሆነ ወደ ቤትዎ ይመለሱና ከሁለት ሳምንት በኋላ ይምጡ፤ ከጉዞ በኋላ የሚሞተው ዓሣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይለያል። የምን ያህል ዲግሪ ውሃ ውስጥ እንዳሉና ምን እንደሚበሉም ይጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ሻጭ ዓሣዎቹን የሚያይ ሻጭ ነው።

መንገድ ላይ ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ቀሪው አየር ይሁን፤ ጨለማ ውስጥ ይያዝ። ቤት ሲደርሱ ከረጢቱን ሳይከፍቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ ያንሳፍፉትና ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ ዓሣዎቹን በመረብ ወይም በእጅ ያሳልፉ፤ የሱቁን ውሃ አይጨምሩ። ጉዞው ብዙ ሰዓት የወሰደ ከሆነ ደግሞ ከከፈቱ በኋላ አይዘግዩ። ከረጢቱ ውስጥ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው አሞኒያው እምብዛም መርዛማ ባልሆነ መልኩ ይቆያል፤ ሲከፈት ጋዙ ይወጣና ያው አሞኒያ መርዝ ይሆናል። እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ያድርጉ፤ ከዓሣ ወደ ሰው ቆዳ የሚሻገር፣ ቶሎ የማይድን ቁስል የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ።

በመጀመሪያው ቀን ምግብ አይስጧቸው። ለአራት ሳምንት ለይተው ያቆዩአቸው፤ ውሃው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይሁን፤ ቫይረሱ ካለ የሚገለጠው ከ15 እስከ 25 ባለው ሙቀት ነውና በቀዝቃዛ ውሃ የተደረገ ማቆያ ምንም አያሳይም። ለዚህ ገንዳ የራሱ መረብና የራሱ ቱቦ ይኑረው። አሞኒያው ከዜሮ ከፍ ባለ ቁጥር ሩቡን ውሃ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ይቀይሩ። በመሐል ሌላ ዓሣ ካመጡና ከጨመሩ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የተገዛችውን ዓሣ የማይፈልጓት ከሆነ ደግሞ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ እንዳይለቋት፤ ትዋለዳለች፣ ወለሉን እየቆፈረች ውሃውን ታደፈርሳለች፣ የአካባቢውን ዓሣም ትጎዳለች። የሚቀበልዎት ሰው ይፈልጉ።

ዕድሜን በተመለከተ አልጠየቁኝም፤ ግን ሊያውቁት ይገባል። በደህና ኩሬ ውስጥ ነጠላ ጅራቶቹ 15 እና 20 ዓመት ይኖራሉ። እንግሊዝ ውስጥ ቲሽ የተባለች፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በባዛር ጨዋታ ላይ የተሸለመች ጎልድፊሽ በ1999 ስትሞት 43 ዓመቷ ነበር። ይህን ሲያስቡት የአራት ሳምንት ማቆያ ረጅም አይመስልም።

አራተኛው ሳምንት አልቆ ሁለቱም እየበሉ፣ ክንፋቸው ተዘርግቶ፣ ገላቸው ጥርት ብሎ ካገኟቸው ወደ ኩሬው ይውሰዷቸው። ኩሬውም ቀድሞ የራሱ ማጣሪያ ሲሠራበት የቆየ ይሁን። ጠዋት ይሁን፤ የሁለቱ ውሃ ሙቀት ከ2 ዲግሪ በላይ አይለያይ። አዲስ ዓሣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከደነገጠ ዘሎ ስለሚወጣ ኩሬውን ለሳምንት ያህል በመረብ ይሸፍኑት። የቀሩትን ሦስት አራት ዓሣዎች ያን ጊዜ መፈለግ ይጀምሩ፤ 60 ሊትሩ ባዶ ሆኖ ይጠብቅዎታል፤ ማጣሪያው እንዳይደርቅና ባክቴሪያዎቹ እንዳይራቡ ብቻ በየሁለት ሦስት ቀኑ ትንሽ ምግብ ጣል ያድርጉበት።